የሚደፋ ውኃ

አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ፣ ተራዋም ደርሶ፣ አንድ እግሯን ካነሣች በኋላ ነው ጋዋኗን ቤት መርሳቷ ትዝ ያላት። ሌላ ቀን ቢሆን "ምን አባቱ!" ብላ ትሳፈር ነበር። ዛሬ ግን ከምሳ በኋላ ዘር አጽዳቂው ኮሚቴ ይመጣል፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሩም ትናንት ከክፍል ክፍል እየዞረ፣ ነጭ ያልለበሰ ሰው ኮሪደሩ ላይ እንዳይታይ ሲል አስጠንቅቋል። ከኋላዋ የተሰለፉት እያጉረመረሙ መንገድ ሰጧት። ዳገቱን የወጣችው በሩጫ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት ያገለገለ ጉልበት የሚሮጠውን ያህል። የግቢውን የቆርቆሮ በር ገፋ ስታደርግ ወንድሟ ቧንቧው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ዱላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ እንደ መቀስ ከተጠላለፉት እግሮቹ ፊት ሰማያዊው ሳፋ ተቀምጧል፤ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ፣ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ጓያ ያጥባል። ከራሱ በላይ ምስማር ላይ አንድ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ሥራዋ መፍጨት ነው። የሰብል ምርምር ተቋሙ ቤተ ሙከራ ከገባች ሃያ ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስል ሰዉ ሁሉ የሚጠራት "እትዬ ወፍጮ" እያለ ነው። ከማሳ የመጣውን እህል ታስለቅማለች፣ ጡጫ በምታክል ወፍጮ ታልማለች፣ ትነፋለች፣ በየብልቃጡ አድርጋ ለሚለካው ሰው ታስረክባለች። ላለፉት ስምንት ዓመታት ከእጇ ያልጠፋው ጓያ ነው። ጓያ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሌላው አዝመራ ሁሉ ሲከዳ ብቻውን ቆሞ የሚገኝ እህል ነው። የእሱ ክህደት ሌላ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ወር ሁለት ወር እሱን ብቻ የበላን ሰው ጉልበቱን ያስረዋል፤ የታሰረውም ጉልበት አይፈታም። ዶክተሩ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝርያ ከዝርያ ሲያዳቅል የኖረው መርዙ ያነሰ ጓያ ለማግኘት ነበር። ድሮ ጠጠሩንና የነቀዘውን የሚለቅሙ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አምና በጀት የለም ተብለው ተሰናበቱ። ታዲያ ማን ይልቀመው ብላ ብትጠይቅ፣ ዶክተሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "እንደምንም ያድርጉት እንጂ እትዬ" አላት። እንደምንም ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ከረጢቶቹን በዘንቢል ወደ ቤት ወስዳ ለወንድሟ መስጠት። ናሙና ከግቢ ማውጣት ክልክል መሆኑን ታውቃለች። ዶክተሩም ያውቃል፤ ማታ ማታ በር ላይ ሲገናኙ ዘንቢሏን አይቶ ፊቱን ወደ ሰማይ ያዞራል።

ለወንድሟ የነገረችው "ለዘር ነው፣ ጠጠሩን ብቻ ልቀምልኝ" ብላ ነው። ለመለካት መሆኑን አልነገረችውም። በዚያ ቤት ስለ ጓያ ማውራት ማለት ስለ እግሩ ማውራት ነው፤ ስለ እግሩ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይስቃሉ፣ ስለ ጎረቤት ያማሉ፤ ያቺን አንዲት ነገር ግን ጠረጴዛ መሐል እንደ ተቀመጠ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ዙሪያዋን እየዞሩ ኖሩ። የመጀመሪያውን ከረጢት ያመጣችለት ቀን ከፍቶ አየ፤ አንድ ፍሬ በጣቶቹ መሐል አሽቶ፣ "ይሄማ የማውቀው ሰው ነው" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይለቅም ጀመር። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ከማየት ዳነ ብላ ፈጣሪዋን አመስግና ነበር።

"ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

ቀና ብሎ አያት፤ እንደ ተያዘ ሰው ሳይሆን ሙያውን እንዳዩለት ሰው ነው ፈገግ ያለው። "ውኃ መጥቷል አይደል" አላት።

"ልቀመው እንጂ እጠበው መች አልኩህ?"

"ያልታጠበ ጓያ ከእኔ እጅ አይወጣም። ዘርም ይሁን ሌላ፣ ተራርፎ ሰው አፍ መግባቱ አይቀርም። ሦስት ውኃ አሳልፈዋለሁ፤ መጀመሪያ የፈላ፣ ከዚያ ሁለት ቀዝቃዛ።"

ሁሉንም እንደዚያ ያደርግ እንደሆነ ጠየቀችው። ድምጿ የሌላ ሰው ሆኖባታል። ሁሉን እንዴት አድርጎ እንደሚያጥብ ገረመው፤ ውኃው እንደ ሹመኛ ነው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው ብቅ የሚል። በዚያ ቀን እጁ ላይ የተገኘውን ያጥባል፣ በሌላው ቀን ያለውን ለቅሞ ብቻ ይሰጣታል። አጥቦ ሲያበቃ ቆርቆሮው ላይ በጸሐይ ያደርቀዋል፤ እሷ ወደ ቤት ስትመለስ ደርቆ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። እንዳይቀላቀልበት ደግሞ የታጠበውን ከረጢት ሁለት ጊዜ ነው የሚቋጥረው። ይህን ሲነግራት ብልሃቱን እንድታደንቅለት ጠብቆ ነበር። እሷ ግን በዓይነ ኅሊናዋ የታያት ከወር በፊት የቁጥር 27ን ከረጢት ስትከፍት ነው፤ ድርብ ቋጠሮው አልፈታ ብሏት በጥርሷ ነበር የፈታችው።

ጋዋኗን ይዛ ወጣች። ደህና ዋል አላለችውም።

አውቶቡስ ላይ ቆማ ስትሄድ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቷ ላይ ተቀመጠ። ቁጥር 27 ሲመጣ ፍሬው ተጨማዶ ነበር፤ እንዲያው ይሄኛው አመሉ ይሆናል ብላ አለፈችው። ወፍጮው ውስጥ ገለባው በቀላሉ ለቀቀ፤ ዱቄቱ ነጭ፣ ብናኝ የሌለው፤ "እንዴት ያለ ንጹሕ እህል ነው!" ብላ እንኳን ለራሷ አድንቃ ነበር። ሲለካም መርዙ ከሌሎቹ ሲሶ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ እጇን ጨብጧት ነበር፤ በሃያ ሦስት ዓመት አንዴ። ቁጥር 27 የተባለው ዝርያ በማሳ ላይ ምርቱ ከሁሉም የበለጠ ስለነበር፣ መርዙም አነሰ ሲባል፣ በቃ ተገኘ ተባለ። ዛሬ ኮሚቴው ፈርሞ ያጸድቀዋል፤ በሚመጣው ሳምንት "ሳይፈሩ የሚበሉት ጓያ" ተብሎ ለገበሬ ይከፋፈላል። ሳይፈሩ የሚበሉት። አጠገቧ የቆመ ሰው እግሯን ረግጦ ይቅርታ ጠየቃት፤ አልሰማችውም።

ቤተ ሙከራ እንደ ደረሰች የሄደችው ወደ ናሙና መጋዘኑ ነው። ከተፈጨው የተረፈው እህል ከነከረጢቱ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል፤ እሷ ከፍታ የምትቋጥረውም ባገኘችው አኳኋን ነው፤ ድርቡን ድርብ፣ ነጠላውን ነጠላ፣ የእጅ ልማድ ሆኖባት። አርባ ከረጢት ናቸው። በጣቷ እየነካካች አለፈች፤ ድርብ ቋጠሮ ያላቸው ሦስት ብቻ ሆነው አገኘቻቸው። 14፣ 27፣ 31። ዶክተሩ በር ላይ በለጠፈው ዝርዝር መርዛቸው አነስተኛ ነው ተብለው ከላይ የተጻፉት ሦስቱ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ባይሆንም፣ እነሱው ናቸው። ስምንት ዓመት የተለፋበት ሳይንስ የወንድሟን ሳፋ ሲለካ ነው የከረመው።

ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ዳስ ውስጥ ለገበሬ የሚሄደው ዘር በጆንያ ተደርድሮ፣ አፉ ተሰፍቶ ተቀምጧል። በመውጊያው አንዱን ጆንያ ወጋ አድርጋ ዘገን የሚሆን ፍሬ ወሰደች። ለስላሳና ድፍን ነው፤ አንድም የተጨማደደ የለበትም። ፈጭታ፣ ነፍታ፣ ብልቃጥ ውስጥ አድርጋ "ጠብታ" ወደሚሉት ለኪ ሄደች። ጠብታ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ በጠብታ ሲያንጠባጥብ የሚውል ቀጭን ሰው ነው፤ ሦስተኛ ልጁን ሚስቱ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ እንቅልፍ ስለሌለው ዓይኑ ቀልቷል። ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽ፣ ወፍጮሽ አያርፍም ወይ ብሎ ቀለደባት። ጉዳዩን ስትነግረው ቀልዱ ከፊቱ ላይ ረገፈ። በሩን ዘጋ። ዱቄቱን በአልኮል ፈታ፣ አጠለለ፣ በሚፈላ ውኃ ላይ አቆየ፣ መጨረሻ ላይ ማቅለሚያውን ጨመረ። በዚህ ሥራ መርዝ ቀለም አለው፤ ብጫ ነው፤ በበረታ ቁጥር ይደምቃል። ሦስት ብልቃጥ ጎን ለጎን አቆሙ፤ የነባሩ ዘር፣ የታጠበው 27 እና ዛሬ ከጆንያ የወጣው 27። የታጠበው እንደ ቀጠነ ሻይ ነው። የጆንያው ግን ቀስ እያለ እየደመቀ ሄዶ ከነባሩ ጋር ልክ ለልክ ሆነ፤ ማሽን ሳይቀርብ ዓይን ይፈርደዋል።

ጠብታ ማሽኑ የሰጠውን ቁጥር አየ። ብዕሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

"እትዬ፣ ቁጥሩን በአፌ ልንገርሽ" አላት። "በእጄ ግን አልጽፍም።"

ነገራት። በመዳፏ ላይ ጻፈችው። አልተቀየመችውም ማለት ውሸት ነው፤ ተቀየመችው፤ ነገር ግን የሚያስቀይም ሰው ገና ከፊቷ ስለነበር ቂሟን ቆጠበች።

ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ ክራቫቱን ያስተካክላል። ጠረጴዛው ላይ የቁጥር 27 ፎቶ ያለባቸው የታተሙ ወረቀቶች እንደ ሠርግ ጥሪ ተደርድረዋል። ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ሲላት ኖሯል፤ ትሕትናው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ቁጭ ይበሉ አላት፤ አልተቀመጠችም። ከሳፋው እስከ ድርብ ቋጠሮው ያለውን ሳታስረዝም ነገረችው። የራሷንም ጥፋት አልደበቀችም። ዶክተሩ ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ እስካሁን ለማን እንደ ነገረች ነው። የትኛው ከረጢት ነው የታጠበው ብሎ አልጠየቀም። እሷም ቁጥሩን ገና አልጠራችለትም ነበር። ይህን ያስተዋለችው እሱ መናገር ከጀመረ በኋላ ነው፤ እንዳስተዋለችም ፍርሃቷ ወጥቶ በቦታው ንዴት ገባ።

ኮሚቴው በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚሰበሰብ ነገራት። ስምንት ዓመት፣ ሦስት ማሳ፣ ስንት ሰው የደከመበት ነገር መሆኑን ነገራት። ጆንያው ተሰፍቷል። ጥሪው ተልኳል። ቁጥር 27 ምንም ቢሆን ምርቱ ከነባሩ እጥፍ ነው፤ ገበሬው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ የመርዙን ነገር በሚመጣው ዓመት ዝም ብለው እንደገና ይለኩታል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

"ደግሞስ፣ እትዬ" አላት፣ ፈገግ እያለ፣ "ሰው ሁሉ አጥቦ አይደል እንዴ የሚበላው? ወንድምዎ ራሳቸው እያጠቡት አይደል?"

"ጓያ ብቻውን የሚበላው እኮ ውኃ በጠፋበት ዓመት ነው፣ ዶክተር" አለችው። "ሦስት ጊዜ አጥቦ የሚደፋው ውኃ ያለው ሰው ሌላ እህል ይኖረዋል።"

ቀጠለች። "የማሳውን ያውቁታል፤ ድፍን ነው። ከእኔ የመጣው ተጨማዶ ነበር፤ በእጅዎ ይዘው አይተውታል። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ዛሬም የትኛው ነው አላሉኝም።"

ክራቫቱን ለቀቀው። ሃያ ሦስት ዓመት የፈጨችው እህል ያላስተማራትን ያን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ተማረች፤ ሰው ትሕትናውን እንዴት እንደሚያወልቀው። "ስሚ" አላት፤ እርስዎው የት እንደ ገባ እንጃ። "ያወጣሽው አንቺ። ያጠብሽው አንቺ። ይሄ ነገር ከወጣ ከዚህ በር የምትወጪው አንቺ። ያንን አካል ጉዳተኛ ወንድምሽን ማን ሊያበላው ነው? ሂጂና ፍጪ። ማሰቡን ለእኛ ተዪው።"

ወጣች። መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተችና ውኃው ሲፈስ እያየች ቆመች፤ ሳትታጠብ ዘጋችው። ሰው በእርጅናው የሚናደደው ንዴት እንደ ወጣቱ አይደለም፤ አይጮህም፤ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። አምላኬ ሆይ አፌን ጠብቀው ብላ ጸለየች፤ እጄን ግን አላለችም።

በዚያ ቤተ ሙከራ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። የወፍጮው መዝገብ ከዶክተሩ ሰነድ ጋር ኮሚቴው ፊት ይቀርባል፤ ይዛው ገብታ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጠውም የፈጨችው ሰው ናት። ገጾቹ ቁጥርና ማኅተም አላቸው፤ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ አንድ ገጽ የተቀደደ እንደሆነ የዓመቱ ሥራ በሙሉ ይሰረዛል። ይህን ደንብ ያወጣችው ዛሬ የኮሚቴው ሊቀመንበር የሆነችው አሮጊት ናት፤ ወጣት ሳለች እዚሁ ትሠራ ነበር። በእያንዳንዱ መሥመር ጫፍ "አስተያየት" የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። እትዬ ወፍጮ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በዚያች ዓምድ ላይ የጻፈችው አንዲት ቃል ናት፤ "ደህና"። ወፍጮዋ አጠገብ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጻፈች። ጽሑፉ ከዓምዷ አልፎ ወደ ኅዳጉ፣ ከኅዳጉ ወደ ገጹ ግርጌ ወረደ።

"ቁጥር 14፣ 27 እና 31 ከመፈጨታቸው በፊት በሦስት ውኃ ታጥበዋል። ለቃሚዎቹ ስለተቀነሱ ወደ ቤቴ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ያጠበው ወንድሜ ነው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ያልታጠበው እሱን ምን እንዳደረገው ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ ከጆንያው የተወሰደው ያልታጠበ 27 ሲለካ መርዙ ከነባሩ ዘር እኩል ነው።" ከመዳፏ ላይ ቁጥሩን ገለበጠች። ፈረመች።

ከምሳ በኋላ መዝገቡን ይዛ ገባች። ዶክተሩ አያት፤ ጋዋኗ ንጹሕ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀላት፣ ልብ ገዛሽ ለማለት። አስቀምጣ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። በሩ ገርበብ ብሏል። የዶክተሩ ድምፅ ስለ ተስፋ፣ ስለ ምግብ ዋስትና፣ ስለ አርሶ አደሩ ሲያወራ ቆየ። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ መሥመር በመሥመር እየተከተለች መዝገብ የማንበብ ልማድ አላት፤ ሌባ ጣቷ ወረቀቱን ሲፍቅ የሚሰማ ይመስል እትዬ ወፍጮ ጆሮዋን ጣለች። የዶክተሩ ድምፅ መሐል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ጠሯት።

"ስንት ውኃ ነው ያልሽው?" አለች አሮጊቷ።

"ሦስት። የመጀመሪያው የፈላ።"

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሦስቱን ውኃ የምታውቅ ሴት አነቃነቅ ነበር። ለኪውን ጠሩት። ጠብታ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ ቁጥሩ ልክ መሆኑን አመነ፤ የለካሁት እኔ ነኝ ግን አላለም። ይህን ጊዜ ዶክተሩ ተነሣ። እትዬ ወፍጮ እስክትሞት የማትረሳው ያንን ድምፅ ነው፤ አልተንቀጠቀጠም። ቤተ ሙከራቸው በራሱ የውስጥ ቁጥጥር ስሕተቱን በጊዜ ማግኘቱን፣ ይህም የአሠራራቸውን ጥራት እንደሚያሳይ፣ በጥፋተኛዋም ላይ ተገቢው እርምጃ ዛሬውኑ እንደሚወሰድ ገለጸ። ከኮሚቴው አንዱ አባል "ጥሩ ነው" አለ። አሮጊቷ ቁጥር 27 እንዲዘገይ፣ ከማሳ በቀጥታ እንደገና እንዲለካ ወሰነች። ጆንያዎቹ እንዳይወጡ አዘዘች። መዝገቡን ከዘጋች በኋላ እትዬ ወፍጮን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ አንድ ነገር የምትላት መስሏት ጠበቀች። "ናሙና ከግቢ ማውጣት ግን፣ ልጄ፣ ደንብ ነው" አለች አሮጊቷ፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ወጣች።

የስንብት ደብዳቤዋ ለኮሚቴው የቀረበው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተጽፎ ደረሰ። የተቋሙን ንብረት ያለ ፈቃድ በማውጣትና በማበላሸት፣ ይላል። ዶክተሩ ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"'እንደምንም ያድርጉት' ያሉኝን የት ጋ ነው የጻፉት?" አለችው።

ሌላ ወረቀት ላይ መፈረም ቀጠለ።

በር ላይ ጠብታ ሮጦ ደረሰባት። ወንፊት የምታጸዳበትን፣ በራሷ ገንዘብ የገዛችውን ብሩሽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። "ብሩሽሽን ረሳሽ" አላት። ተቀበለችው። አላመሰገነችውም። አንድም ሰው ከዚያ ግቢ ውስጥ አመሰግናለሁ የሚባል ነገር እንዲያገኝ አልፈለገችም፤ ፈጣሪ ይቅር ይበላት፣ በዚያች ሰዓት ሕፃኑን እንኳን እንዴት ነው አላለችውም።

ቤት ስትደርስ ጸሐይ ከግቢው ግንብ ላይ ገና አልወረደችም። የቧንቧው ውኃ ሄዷል፤ እስከ ቅዳሜ አይመለስም። ወንድሟ ሳፋውን ወደ ደጃፉ አስጠግቶ፣ ሦስተኛው ውኃ ውስጥ ያለውን ፍሬ በእጁ ያማስላል። ያለ ሰዓቷ መምጣቷን አየ፤ ዘንቢሏ ባዶ መሆኑንም አየ። ኮሚቴው ወደደው ወይ ብሎ ጠየቃት። ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ከአውቶቡሱ ከተመለሰችበት ጀምራ እስከ ደብዳቤው ድረስ ነገረችው፤ ፊቱን ሳታይ፣ ሳፋውን እያየች። መርዝ የሚለውን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረችው። እሱ እጁን ከውኃው አላወጣም፤ ማማሰሉን ብቻ አቆመ።

"እና እኔ ነኛ ያባረርኩሽ" አለ በመጨረሻ።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሆኖ የተቀመጠው ነገር ያን ጊዜ ፈነዳ፤ ያለ ቦታው፣ በማይገባው ሰው ላይ። "ምናለ ብትጠይቀኝ ኖሮ!" አለችው፤ ድምጿ ግቢውን ሞላው። "ሥራህ መልቀም፣ ማን እጠብ አለህ!"

"ምናለ ብትነግሪኝ" አላት እሱ፣ በቀስታ።

ጎረቤት ያለው ሬዲዮ ዝቅ አለ፤ ሰው ለመስማት ሲፈልግ እንደሚያደርገው። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን፣ በጸሎቷ እንኳን ዙሪያ ጥምጥም የምትሄድበትን ነገር አወጣችው። ድርቁ በገባበት በዚያ ዓመት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ውኃ የሚቀዳው የግማሽ ቀን መንገድ ተሄዶ ነው፤ የምትቀዳው እሷ ናት፤ የማድጋው ገመድ ትከሻዋን ልጦት ነበር። እናታቸው ጓያውን ዘፍዝፋ ውኃውን ልትደፋው ስትል፣ ማድጋውን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አይደፋም ብላ አለቀሰች። ግማሽ ቀን የተሸከመችው ውኃ አፈር ላይ ሲፈስ ማየት አልቻለችም። እናቷ ሳትደፋው በዚያው ውኃ ቀቀለችው። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ። እሷና እናቷ እንደ ነገሩ ነበር የሚቀምሱት፤ ጠግቦ የበላው የሚያርሰው እሱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለችው። "እግርህን የበላሁት እኔ ነኝ።"

ፍሬውን በወንፊት እያወጣ ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረ፤ ከእንግዲህ ከረጢቱን ማንም እንደማይጠብቀው እያወቀ። "አውቃለሁ" አላት። "እዚያው አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። እማዬ ማድጋውን ልትቀማሽ ስትል 'ተያት፣ አይደፋ፣ ልጅቷ ደክሟታል' ያልኳት እኔ ነኝ።"

አየችው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላየችው ሰው መሰላት። ሁለቱም አንዱን ውኃ ይዘው፣ አንዱ ካንዱ ደብቀው፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ሲኖሩ ከርመዋል። እሱ የመጨረሻዋን ፍሬ ከሳፋው ለቀመ፤ ከረጢቱን ቋጠረ፤ ደግሞ ቋጠረ። ሳፋው ውስጥ የቀረው ውኃ ደፍርሷል።

"በይ፣ ድፊው" አላት። "እኔ በጣሳ ስጨልፍ መምሸቱ ነው።"

ሳፋውን በሁለት እጇ አነሣችው፤ ከባድ ነው። እንዳይፈስባት ሳትጠነቀቅ፣ ነጭ ጋዋኗን እያራሰች፣ እስከ ግቢው በር ተሸከመችው። በሩን በእግሯ ከፈተች። ዶክተሩን አሰበችው፤ አሮጊቷንና ደንቧን አሰበች፤ ተሰፍተው የቆሙትን ጆንያዎች አሰበች። ባላት ኃይል ሁሉ ወደ መንገዱ ወረወረችው። ውኃው አየር ላይ ተዘርግቶ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ እንደ ጥፊ ጮኸ።

ጎረቤትየዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ "ኧረ ተዪ! በዚህ ችግር ውኃ እንዲህ ይደፋል?" አለቻት።

"ይደፋል" አለች።